አትክልተኛውና ዐዋጁ

የጾም ወራት በገባ ቍጥር በየቤታችን ማጀት ጎመን ይቀረደዳል፤ ድንች ይላጣል፤ ካሮትና ቀይ ሥር ይቀቀላል። ማዕዱ ከተባረከ በኋላ ግን ይህ ሁሉ አትክልት ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ተከለው፣ የተከለበትም መሬት በምን ሕግ እንደ ተያዘ የሚጠይቅ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። «ከገበያ ገዛነው» ብሎ መመለስ የሚበቃ ይመስለናል። ገበያው ግን አትክልቱን ከሰው እጅ ይቀበላል እንጂ አያበቅልም። ያም ሰው በአንድ ቍራሽ መሬት ላይ፣ በአንድ ወንዝ ዳር፣ በአንድ ዐዋጅ ሥር የሚኖር ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ሰው፣ ማለት አትክልተኛውን፣ ስለ እርሱም በየዘመኑ የወጡትን ዐዋጆችና ደንቦች ነው።

ለጽሑፋችን ምክንያት የሆነን በእንጦጦ ግርጌ ያየነው ነገር ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ከተራራው በሚወርድ አንድ ጅረት ዳር ስናልፍ፣ በድንጋይ ካብ የተከፋፈሉ የአትክልት መደቦች አየን። በመደቦቹም መካከል ቦይ ተቀዶ ውኃ ይወርዳል። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው ይኰተኵታሉ። ከልጆቻቸው አንዱን ያስተማርን ስለ ሆነ ያውቁናል።

«እንደምን ዋሉ እማማ? በርቱ» አልናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን መምህር። አትክልቱስ ደኅና ነው፤ ያሳሰበኝ መሬቱ ነው። ከወንዙ ዳር ያለ ሁሉ ይነሣል ይባላል። አንዱ ዘንድሮ ነው ይለኛል፤ ሌላው ለከርሞ ነው ይለኛል። ቀኑን ቈርጦ የሚነግረኝ ግን አጣሁ» አሉን።

ለመሬቱ ማስረጃ እንዳላቸው ብንጠይቃቸው ወደ ቤታቸው ገብተው በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ወረቀት አመጡልን። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ለአንድ የአትክልት አምራቾች ማኅበር የከፈሉት የመዋጮ ደረሰኝ ነው። ማኅበሩ ከፈረሰ ቈይቷል። ከዚህም በቀር ሌላ ወረቀት የላቸውም።

«ቀድሞ እዚህ ጥቅል ጎመን እተክል ነበር። ከካቡ ሥር ደግሞ የኮክ ዛፍ ነበረን፤ ኮኩ ሲደርቅ ሌላ አልተካሁም። ጥቅል ጎመኑንም ተውሁት። አሁን የምዘራው ሰላጣና ቆስጣ ብቻ ነው። ቶሎ ይደርስልኛል፤ ድንገት ተነሺ ቢሉኝም ብዙ አልጐዳም» አሉን።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ብዙ ትምህርት አለ። ሰላጣ ከተተከለ በሁለት ወር ገደማ ይቈረጣል። ጥቅል ጎመን በደጋ አገር ሦስትና አራት ወር ይፈልጋል። ኮክ ደግሞ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይጠበቃል። እንግዲህ አትክልተኛው ምን እንደሚተክል የሚወስነው የአፈሩና የአየሩ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በመሬቱ ላይ እስከ መቼ እንደሚቈይ ያለው እምነት ጭምር ነው። ሕግ እምነት በሰጠው ጊዜ ዛፍ ይተክላል፤ እምነት ባጣ ጊዜ ሰላጣ ይዘራል። ስለዚህ በአትክልተኛው ላይ የወጡትን ዐዋጆች በዚህ ሚዛን እንመዝናቸዋለን።

ተራራው የሚመሰክረው

ለዚህ ነገር የመጀመሪያው ምስክር ራሱ እንጦጦ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዚያ ዘመን በተራራውና በአዲሱ ከተማ ዙሪያ የነበረው የአገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ አልቆ ስለ ነበር የእንጨት ችግር ጸንቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የአውስትራሊያ ተወላጅ የሆነው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነጻ እንዳደረጉና ችግኙ በርካሽ ዋጋ እንዲታደል እንዳደረጉ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

ውጤቱን ዛሬም ቀና ብሎ ተራራውን የተመለከተ ሁሉ ያየዋል። ባሕር ዛፍ አፈሩን ያደርቃል፣ ውኃ ይመጣል ተብሎ ይነቀፋል፤ ነቀፌታውም ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ግን እዚህ የምንናገረው ስለ ዛፉ ጠባይ ሳይሆን ስለ ሰው ጠባይ ነው። ለመቍረጥ ዓመታት የሚያስጠብቀውን ዛፍ ሕዝቡ የተከለው፣ የተከለው ነገር የራሱ ሆኖ እንደሚቈይለት ስላመነ ነው።

ከዚሁ ተራራ ቀጨኔ፣ ቍርጡሜ፣ ግንፍሌና ቀበና የሚባሉት ወንዞች ይወርዳሉ። ከተማውን አቋርጠው ከሌሎች ጋር እየተቀላቀሉ ወደ አቃቂ ይሄዳሉ፤ ከዚያም አባ ሳሙኤል አልፈው ወደ አዋሽ ይገባሉ። በእነዚህ ወንዞች ዳርና ዳር ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ ለብዙ ዘመን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥርና ድንች ሲለማ ኖሯል። የከተማው ሰው ቅጠላ ቅጠሉን ያገኝ የነበረው ይልቁንም ከዚህ ነው።

በሁለት ዐዋጆች መካከል

በ1967 ዓ.ም. የአገራችንን የመሬት ሥርዐት የለወጡ ሁለት ዐዋጆች ወጡ። የመጀመሪያው የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቍጥር 31 ነው። ይህም ጭሰኝነትን አጠፋ፤ ለአንድ የገበሬ ቤተ ሰብም እስከ 10 ሄክታር መሬት በይዞታነት እንዲሰጥ ፈቀደ። ሁለተኛው ሐምሌ 19 ቀን የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ቍጥር 47 ነው። ይህኛው ደግሞ በከተማ ለአንድ ቤተ ሰብ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ፈቀደ።

የሁለቱንም ዐዋጆች ዐሳብ አስተውሎ የሚያነብ ሰው አንድ ክፍተት ያገኛል። ገጠር ላለው ሰው የእርሻ መሬት ተሰጠ፤ ከተማ ላለው የቤት መሥሪያ ተሰጠ። በከተማ ክልል ውስጥ እየኖረ በወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማው ሰው ግን ከሁለቱም ወጥቶ በመካከል ቀረ። ገበሬ እንዳይባል ቀበሌው የከተማ ነው፤ የከተማ ነዋሪ እንዳይባል ኑሮው ከዶማና ከቦይ ነው።

ይህን ክፍተት በከፊል የሸፈነው ማኅበር ነበር። በዚያው ዘመን በልዩ ልዩ ወንዞች ዳር ያሉ አትክልተኞች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ፤ ከእነዚህም በመካኒሳ፣ በፉሪና በሳሪስ የነበሩት የታወቁ ናቸው። ስለ እነርሱ አክሱማይት ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ምሁር ያጠኑት ጥናት በ1994 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታትሟል። ለብቻው ሲሆን ማንም የማይሰማው አትክልተኛ በማኅበር ሲቆም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ይከፈትለት ነበር። ማኅበር የፈረሰበት ሰው ግን እንደ እኒያ እናት የመዋጮ ደረሰኝ ይዞ ቀረ። ደረሰኝ ደግሞ የገንዘብ ምስክር እንጂ የመሬት ምስክር አይደለም።

ስለ ዋጋና ስለ ገበያ

መንግሥት ስለ አትክልትና ፍራፍሬ ያወጣው ደንብ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከገዢው በኩል ነው። በደርግ ዘመን ኢትፍሩት የሚባለው የመንግሥት ድርጅት በየሰፈሩ ሱቅ ከፍቶ እንደ ላይኛው አዋሽ ካሉት የመንግሥት እርሻዎች የመጣውን ብርቱካን፣ እንዲሁም ቲማቲምና ሽንኩርት በተወሰነ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በዕድሜ የገፋን ሁሉ ዘንቢል ይዘን የተሰለፍንበትን ቀን እናስታውሳለን። ሥርዐቱ ለሸማቹ እፎይታ ሰጥቶ ነበር፤ ዋጋው የሚወሰነው ግን በገበያው ሳይሆን በጽሕፈት ቤት ነበረ። ድርጅቱ ቈይቶ በ2008 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ውስጥ ተጠቃለለ።

ቀጥሎም የገበያ ቦታ ነገር መጣ። ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ የአትክልት ጅምላ ገበያ በፒያሳና በመርካቶ መካከል የነበረው አትክልት ተራ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት በ2012 ዓ.ም. ሰው ተጨናንቆ እንዳይበከል ተብሎ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ትእዛዙ ለሕዝብ ጤና የታሰበ ነበር። ነገር ግን ሜዳው ለገበያ የተሠራ አልነበረምና ክረምቱ ሲገባ ጭቃ ሆነ። አትክልቱም በዝናብና በጭቃ መካከል ሲራገፍና ሲበላሽ ከረመ።

ጃን ሜዳ ደግሞ ታቦታቱ የሚያድሩበት የጥምቀት ሜዳ ነው። በዓለ ጥምቀትም በዚያው በ2012 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። ስለዚህ የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ሜዳው እንዲለቀቅ ምእመናን አጥብቀው ጠየቁ። ገበያው ተነሥቶ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ኃይሌ ጋርመንት በሚባለው ቦታ ተቋቋመ፤ ወጣቶችም ተሰብስበው ሜዳውን ጠረጉ፤ በዓሉም በቦታው ተከበረ።

እኛ ሜዳችን ስለ ተመለሰልን ደስ አለን፤ የሚገባም ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ክርክር ስለ ነጋዴው፣ ስለ ሸማቹና ስለ ሜዳው ሲነገር ስለ አትክልተኛው የተናገረ ጥቂት ነበር። በአንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ገበያው ሁለት ጊዜ ቦታ ለውጧል። ከከተማው ሰሜን ጫፍ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ አንድ ጆንያ ጎመን ይዞ እስከ ኃይሌ ጋርመንት መሄድ ለጥቂት መደብ ባለቤት የሚያዋጣ አይደለም። ስለዚህ ወይ በጉሊት ይሸጣል፤ ወይም ደላላው በሰጠው ዋጋ ይለቅቃል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በየአካባቢው የተስፋፋው የእሑድ ገበያ አምራቹንና ሸማቹን ፊት ለፊት ለማገናኘት የታሰበ ነውና በዚህ ረገድ ምስጋና ይገባዋል። በውነትም አትክልተኛው ራሱ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ይጠቅማል።

ስለ ወንዙና ስለ ጤና

አሁን ወደ ወንዙ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ አቃቂ ድረስ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የወንዝ ዳርቻ ለማጽዳትና ለማስዋብ «ሸገርን ማስዋብ» የተባለውን ዕቅድ አስታወቀ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 300 አስቀድሞ ወንዝን መበከል ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው አስተዳደር ወንዝን በሚበክል ሰውና ድርጅት ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ አወጣ።

ለእነዚህ ደንቦች በቂ ምክንያት እንዳለ መካድ አይገባም። በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ብረታ ብረቶችን አግኝተዋል። እነዚህ ከቆዳ ፋብሪካና ከሌሎችም ኢንዱስትሪዎች ፍሳሽ ጋር ወደ ወንዙ የሚገቡ ናቸው። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከሌላው አትክልት ይበልጥ ወደ ውስጡ ይስባቸዋል። ጭቃና የሆድ ትል እንቍላል በመታጠብ ይለቃል፤ በቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት ግን በመታጠብ አይለቅም። ልጆቻችን የሚበሉት ነውና ነገሩን እንደ ቀላል ልናየው አይገባንም።

ነገር ግን ፍርድ ሚዛን ይፈልጋል። ወንዙን የበከለው አትክልተኛው አይደለም፤ እርሱ ሌላው የበከለውን ውኃ የተቀበለ ነው። ደግሞም ወንዝ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ውኃ ፋብሪካዎቹ ካሉበት በላይ ነው፤ የቤት ፍሳሽ ሊነካው ይችላል እንጂ በአቃቂ ሜዳ ካለው ጋር በአንድ አይቈጠርም። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የቤት ፍሳሽ የነካው ውኃ ለአትክልት ሲውል አደጋውን ደረጃ በደረጃ መቀነስ እንደሚቻል ያስተምራል፤ ይኸውም ከመቍረጥ በፊት ለጥቂት ቀን ማጠጣትን በማቆም፣ ውኃውን ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ በማጠጣት፣ በቤትም አጥቦና አብስሎ በመብላት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጅረት ያለው ውኃ ቢመረመርና ንጹሑ ከተበከለው ቢለይ፣ ጤናውም ይጠበቃል፤ አትክልተኛውም ያለ ጥፋቱ አይቀጣም።

ካሣ ያለ ወረቀት

መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲፈልግ ካሣ የሚከፈልበት ሕግ አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 455 ባለይዞታው ቢያንስ ከ90 ቀን በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው፣ ከእርሻ መሬቱም ለዘለቄታው ሲነሣ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝ ነበር። 90 ቀን ማለት አንድ ጥቅል ጎመን በደጋ ሊደርስ ሲል ማለት ነው። ይህንን የተካው ዐዋጅ ቍጥር 1161/2011 የተሻለ ነው። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላልተገኘለት የእርሻ ባለይዞታ፣ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው አዘዘ። ባለይዞታዎችም መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ እንዲመክሩ ደነገገ።

እንግዲህ ሕጉ መልካም ነው። የአንድ ዓመት ጊዜ የተሰጠው ሰው መኸሩን ሰብስቦ፣ ዘሩን ቈጥሮ፣ ሌላ ኑሮ ፈልጎ ይነሣል። ነገር ግን ይህ ሁሉ መልካም ነገር የተጻፈው በሕግ ለታወቀ ባለይዞታ ነው። ለ30 ዓመት ድንጋይ ለቅሞ ቦይ የቀደደ፣ ነገር ግን ወረቀት የሌለው ሰው በ15 የሚባዛለት ነገር የለውም። የሚመክረውም ስለሌለ ወሬውን የሚሰማው ከመንገድ ነው። እኒያ እናት ቀኑን የሚነግራቸው ያጡት ሕግ ስለሌለ ሳይሆን በሕጉ መዝገብ ውስጥ እርሳቸው ስለሌሉበት ነው።

ምን ይደረግ?

በሌላው አገር እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድመው ያሰቡበት አሉ። በእንግሊዝ አገር በ1908 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት የአንድ አካባቢ ስድስት መራጮች ተባብረው የአትክልት ቦታ ቢጠይቁ የአካባቢው ምክር ቤት ጥያቄያቸውን እንዲመለከት ይገደዳል። ቦታው ጠባብ ነው፤ ተጠቃሚውም ኪራይ ይከፍላል። ነገር ግን በመዝገብ የተጻፈ ነውና የያዘው ሰው መብቱንም ግዴታውንም ያውቃል።

በእኛም አገር ከባድ ያልሆኑ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ብዙ ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን። መጀመሪያ፣ በወንዝ ዳር የሚያለሙ ሁሉ ማንነታቸው፣ የያዙት ስፋትና የቈዩበት ዘመን ይመዝገብ። መመዝገብ ለዘለዓለም መስጠት አይደለም፤ ስንነሣም ሆነ ስንቈይ በስማችን እንድንጠራ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ለሚነሣው ሰው ቀኑ ቈርጦ ይነገረው፤ ለሚቈየው ደግሞ የተወሰነ ዓመት በጽሑፍ ይሰጠው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የከተማውን ሰው በግቢው እንዲያለማ የሚያበረታታ ነውና፣ ልማዱና ዕውቀቱ አስቀድሞ ያላቸው እነዚህ አትክልተኞች ከዚህ ሊወጡ አይገባም። ሦስተኛ፣ ውኃው ይመርመርና ውጤቱ ለአትክልተኛውና ለሸማቹ ይገለጥ።

ለአትክልተኞችም የምንመክረው አለን። በማኅበር ተደራጁ፤ ማኅበራችሁንም አታፍርሱ። ለመንግሥት የከፈላችሁትን ግብር፣ ለማኅበር ያዋጣችሁትን ገንዘብ፣ የደረሳችሁን ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ቦታ አስቀምጡ፤ ልጆቻችሁም ያሉበትን ቦታ ይወቁ። ለእናንተም ለቤተ ሰብ ኀላፊዎች፣ ጎመን ስትገዙ ከየት እንደ መጣ ጠይቁ፤ ቅጠሉን በብዙ ውኃ እጠቡ፤ በእሑድ ገበያም አትክልተኛው ራሱ የቆመ እንደ ሆነ ከእርሱ ግዙ። በግቢያችሁ ስፍራ ያላችሁ ደግሞ አንድ የኮክ ችግኝ ትከሉ። የቤት ካርታ ያለው ሰው ከ4 ዓመት በኋላ ከዛፉ ሥር እንደሚቆም ተስፋ ማድረግ ይችላልና።

ይህ ጽሑፍ እንዳለቀ ለእኒያ እናት ማመልከቻ ጽፈን፣ ደረሰኙንም ከማመልከቻው ጋር አያይዘን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስገብተንላቸዋል። ስንሰናበታቸውም «መልሱ መልካም ከሆነ ከካቡ ሥር ምን ይተክላሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «እርሱንስ መልሱ ሲመጣ እነግርዎታለሁ መምህር» አሉን። ጽሑፋችን ወደ ማተሚያ ቤት እስከ ሄደበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣም። በመደባቸውም ላይ ያለው ቆስጣ ነው።